የእትዬ እግር ልክ

እትዬን አንድ እግራቸውን ላሳጣቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲያወራው ምስማሩን ይወቅሳል፣ ስኳሩን ይወቅሳል፣ የሮምን መንገድ ይወቅሳል። እኔ ግን ጫማውን ማን መርጦ እንዳመጣው፣ ማን አዋቂ ነኝ ብሎ እንደተንጠራራ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሴው ልናገረው።

እትዬ የምላቸው አከራዬን ነው። ሮም፣ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ቤታቸው አንዷን ክፍል ለእኔ ሰጥተውኛል። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ በወጣትነታቸው ሮም የገቡ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዳንቴ ሆነው ያረጁ ጣሊያኖችን ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። የወለዱት የለም። እኔ ከስደተኛ መቀበያ ወጥቼ ሻንጣዬን ይዤ በራቸው ላይ ስቆም ከላይ እስከ ታች አዩኝና "በልተሃል?" አሉኝ። ስሜን የጠየቁኝ ከበላሁ በኋላ ነው።

ጫማው የመጣው በእኔ ጉልበት ሰበብ ነው። ቲቡርቲና አካባቢ ባለ መጋዘን ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሳነሳ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ጂም እገባለሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። የሆነ ጊዜ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ደረጃ መውረድ እምቢ አለኝ። እንደ ፍራሽ የወፈረ ሶል ያለው ጫማ ገዛሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ጂሙ ውስጥ አንድ ራሰ በራ አሠልጣኝ ነበር፤ አፉ እሬት፣ ሥራው ግን ሸጋ። "አሎራ፣ አውልቀው" አለኝ አንድ ቀን። ጫማዬን አንስቶ አገላብጦ አየና "ጣቶችህ የት ይግቡልህ?" አለ። እውነቱን ነው። የጫማው አፍንጫ ሾሎ፣ ትንሿ ጣቴ ጎረቤቷ ላይ ወጥታ ተኝታለች።

እሱ ራሱ የሚያደርገው "የባዶ እግር ጫማ" የሚሉትን ነው። አመራረጡንም እዚያው አስተማረኝ። ፊቱ ሰፊ ይሁን፣ ስትቆም ጣቶችህ እንደ ልባቸው ይዘርጉ። ተረከዙ ከፊቱ ከፍ አይበል። ሶሉ ስስ ሆኖ በእጅህ እንደ ፎጣ ይጠቀለል። ቁጥር ብለህ አትግዛ፤ እግርህን ወረቀት ላይ አስምር፣ ከጫማው ጋር አስተያይ።

ወረቀት ሲል ሳቄ መጣ። ይሄማ የእናቴ ሙያ ነው! ልጆች ሳለን አጎቴ ከአረብ አገር ጫማ ሲልክልን እናቴ ከደብተር ወረቀት ገንጥላ መሬት ታነጥፍና፣ እግራችንን እዚያ ላይ አቁማ በእርሳስ ዙሪያውን ታሰምር ነበር። እርሳሱ በውስጠኛው እግሬ በኩል ሲያልፍ ይኮረኩረኛል፤ እፈራገጣለሁ፤ መስመሩ ይጣመማል፤ በኩርኩም ትለኛለች። ወረቀቱ በሰው እጅ ሄዶ ጫማው በሰው እጅ እስኪመጣ ድረስ እግራችን አድጎ ይጠብቀው ነበር።

አሠልጣኙ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ደግሞ ዓይኑ በራ። ሮም ውስጥ ሐበሻ ሆነህ ስትሮጥ ካዩህ፣ በዚህች ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን ጀግናችንን ሳያነሳብህ የሚያልፍ የለም። "አንተማ በደምህ አለ! በባዶ እግርህ ነው ያደግከው አይደል?" አለኝ። እኔ! ሳሪስ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከአልጋ ወርጄ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ነጠላ ጫማ የምፈልግ ሰው! ግን እንዲያ ተደስቶ ሳየው ማሳፈር ከበደኝ፤ "ሲ፣ ሲ፣ አዎ ሁልጊዜ" አልኩት። እሱም አምኖ ለቀቀኝ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ጉድ ሮጥኩበትና በማግሥቱ ባቴ እንጨት ሆነ፤ የእትዬን ደረጃ በቂጤ ወረድኩት።

ሳምንት ቆይቼ ስመለስ አሠልጣኙ ገና ከበሩ አረማመዴን አየና "ዋሽተኸኛል" አለ። ከዚያ የነገረኝን አምስተኛ ነገር ነው የረሳሁት። አልረሳሁትም፤ ለእኔ ብቻ የተነገረ መሰለኝ። "ስማ፣ ይሄ ጫማ አይጠብቅህም። የሚጠብቅህ ሕመምህ ነው። ጠጠር ስትረግጥ ካላመመህ ይሄን ጫማ አታድርግ።" እኔም "ጠጠር ረግጦ የማያመው ሰው አለ እንዴ?" ብዬ ሳቅኩበት።

ሁለት ወር ቀስ እያልኩ ለመድኩት፤ ጉልበቴ ዳነ። ከዚያማ ማን ይቻለኝ! የሰው እግር እያየሁ የምሰብክ ሆንኩ። መጋዘን ውስጥ የሚሠሩት ባንግላዴሾች "መጣ ደግሞ" እያሉ እግራቸውን ካርቶን ሥር ይደብቁ ጀመር። በመጨረሻ ዞሬ ዞሬ እትዬ ላይ አረፍኩ።

እትዬ "ትንሽ ስኳር አለችብኝ" ይሉ ነበር፤ ለሁለት ቀን እንደመጣች እንግዳ አድርገው። ሐኪማቸው በእግር ሂጂ ስላላቸው ጠዋት ጠዋት ከሰፈሩ ሴቶች ጋር መናፈሻውን፣ ፓርኮውን፣ ይዞራሉ። ጫማቸው ግን ጠባብ የቆዳ ጫማ ነበር፤ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠቁሯል። "እትዬ፣ የሚገድልዎት ይሄ ጫማ ነው" አልኳቸው። ጥፍሩ ሲጠቁር እንዴት አላመማቸውም ብዬ አልጠየቅኩም። ትልቅ ሰው ስለ ገላው አይጠየቅም። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ስለ እግራቸው አንድ ቃል ጠይቄያቸው አላውቅም።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ የዳቦ ከረጢት ቀድጄ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ አነጠፍኩ። "ተው፣ እግሬ አስቀያሚ ነው" ብለው ካንገራገሩ በኋላ ቆሙልኝ። ተንበርክኬ አሰመርኩ። በውስጠኛው በኩል ስደርስ ሆን ብዬ ቀስ አልኩ፤ ሲኮረኮሩና ሲስቁ ላያቸው ፈልጌ ነው። እሳቸው ግን በመስኮት እያዩ ስለ ጎረቤታቸው የታጠበ ልብስ አሰጣጥ ያወራሉ። ትንሿ ጣታቸው ዘንድ እርሳሱ አዳልጦኝ ጫፉ ሥጋቸውን ወጋው፤ ጥቁር ነጥብ ቀረ። ወሬያቸውን አላቋረጡም።

"አይኮረኩርዎትም እንዴ?" አልኳቸው።

"የእኔ እግር ጨዋ ነው። እንዳንተ አይቅበጠበጥም" አሉ።

አብረን ሳቅን። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት።

ጫማውን ሳመጣላቸው፣ ጥቁር፣ ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ከካርቶን የማይወፍር፣ በእጃቸው ጠቅልለው ፈትተው አዩት። "ይሄ ጫማ ነው ካልሲ?" አሉና "ይቅርብኝ ልጄ፣ መልሰው" አሉኝ። እኔም "እንዴ፣ በሞቴ!" አልኩ። "አይሆንም፣ መልሰው" አሉ ደግመው። እንግዲህ በእኛ ሰው ዘንድ ስጦታ ሲሰጥህ ሁለቴ እምቢ ማለት ወግ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ትቀበላለህ። እኔም ወጋቸውን እያደረሱ መሰለኝ። "ከእናቴ ለይቼዎት አላውቅም፤ ካልተቀበሉኝ እቀየማለሁ" አልኳቸው። ጫማውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጫማውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። እምቢታቸው የእውነት እምቢታ እንደነበር የገባኝ ሆስፒታል ነው።

ጥቂት ሳምንት በሰላም አለፈ። ማታ ማታ "ጫማው እንዴት ነው?" እላለሁ፤ "ቆንጆ ነው" ይላሉ፤ እኔ ደረቴን እነፋለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን ብርድ መታኝ ብለው በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ዋሉ። ግንባራቸው ይፋጃል። "ነገ ቅዳሴ ይቅርብዎት" ብላቸው "አንተ ቅር፣ እኔ አልቀርም" አሉኝ።

የምንቀድስበት ቤት ጣሊያኖች እሑድ እሑድ የሚለቁልን ነው። ምንጣፋችንን እናነጥፋለን፣ መጋረጃችንን እንሰቅላለን፣ ጫማችንን ደጅ እናወልቃለን። የእትዬን ጫማ ሁልጊዜ የምቀበላቸው እኔ ነኝ፤ ከእኔው ጋር በአንድ ፌስታል አድርጌ እይዛለሁ። ያን ቀንም አውልቀው ሰጡኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ቀኙን ጣቶቼን ከትቼ ጨብጬ ሳነሳው የሆነ ነገር ወጋኝ። እጄን ሳወጣ ደም ነው።

ጫማውን ገለበጥኩት። ሶሉ ላይ የምስማር ራስ ተለጥፏል። ጫፉ ስሱን ሶል በስቶ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ትንሿ ጣት በምታርፍበት ቦታ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ራሱ ድንጋይ ላይ ተፍቆ ተፍቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። የዛሬ ምስማር እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ስንት ቀን? ፓርኮውን ስንቴ ዞሩበት? 

ቀና ስል እትዬ በሴቶቹ በኩል ነጠላቸውን እያስተካከሉ በነጭ ካልሲ ምንጣፉ ላይ ይሄዳሉ። ቀኝ እግራቸው ሲነሳ የካልሲው ሥር ቡኒ ሆኗል። አያነክሱም። አንዲት እርምጃ እንኳ አላነከሱም። ያኔ የአሠልጣኙ 'ካላመመህ አታድርግ' ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ የበሩን መቃን ያዝኩ።

ምስማሩን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። አንዲት የማውቃትን ሴት ለምኜ ላክኋት፤ ተመልሳ "ቅዳሴ ሳያልቅ ንቅንቅ አልልም ብለዋል" አለችኝ። ቅዳሴው ገና መጀመሩ ነው! በዚያ እግር ሊቆሙ! ከኋላ ሆኜ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ዜማው አይሰማኝም፤ የማየው ያንን ካልሲ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሳቸውም ሰገዱ፤ ሲነሡ ምንጣፉ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ቀረ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። የሴቶቹን ወገን ሰንጥቄ ገባሁ። "ምን ሆኖ ነው ይሄ!"፣ "ኧረ ነውር ነው!" ሲሉኝ እሰማለሁ። እትዬ እግር ሥር ተንበርክኬ ምስማሩን በመዳፌ አሳየኋቸው።

አጎንብሰው አዩትና ቀስ ብለው "የማነው?" አሉኝ።

"የእርስዎ ነው እትዬ። ከጫማዎ ነው ያወጣሁት።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። አንዴ ወደ መጋረጃው አዩ፤ ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገሩ ትከሻዬን ይዘው ወጡ።

ፕሮንቶ ሶኮርሶ፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ ረጅም ሰዓት ጠብቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። ዓይኗ ከድካም ቀልቷል። ካልሲውን ስታወልቅ ሽታው መጣ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "መቼ ነው የወጋዎት?" ስትላቸው በዚያ ጥርት ባለ ጣሊያንኛቸው "ዛሬ ጠዋት" አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አላዩኝም።

ሐኪሟ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ቀጭን ነገር አወጣች። "ዓይንዎን ይጨፍኑ። በነካሁዎት ቁጥር 'ሲ' ይበሉ።" ጣታቸውን ነካች፤ "ሲ"። የእግራቸውን መሀል፤ "ሲ"። ቁስሉ አጠገብ፤ "ሲ"። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። "ቫ ቤኔ፣ ስሜቱ ደህና ነው። እናጥበውና መድኃኒት ጽፌልዎት ቤትዎ ይሄዳሉ" አለች። እኔ ግን የቆምኩት በራስጌያቸው በኩል ነው። ዓይናቸው አልተጨፈነም። በሽፋሽፍታቸው ሥር የሐኪሟን እጅ እየተከተሉ ነው "ሲ" የሚሉት።

እንዲህ ዓይነት ጭንቅ አያምጣባችሁ። ዝም ብል ቤት ይሄዳሉ፤ ቁስሉ ይበላቸዋል። ብናገር እናቴን የሚያህሉ ሰው በባዕድ ፊት ውሸታም ማለቴ ነው።  ሐኪሟ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

"ዶቶሬሳ፣ እያዩ ነው" አልኩ። "ዓይናቸው አልተጨፈነም። ምስማሩም የዛሬ አይደለም።" ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ዝም በል!" አሉኝ እትዬ በአማርኛ። ሰባት ዓመት እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼባቸው አላውቅም። "አፍህን ዝጋ! አንተን ምን አገባህ?"

"ያገባኛል! ጫማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎች ዞሩ።

ሐኪሟ ምስማሩን አገላብጣ አየች፤ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። እኔ ራሴ የእትዬን ነጠላ ጫፍ ይዤ በፊታቸውና በእግራቸው መሀል እንደ መጋረጃ ወጥሬ ያዝኩ።  ክሯ አውራ ጣታቸውን ነካች፤ ዝም። ትንሿን ጣት፤ ዝም። ቁስሉ አፍ ላይ እስክትጎብጥ ተጫነች፤ ዝም። ከዚያ ሐኪሟ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ምንም ሳትነካ ተቀመጠች። ያኔ ከነጠላው ጀርባ "ሲ" አሉ እትዬ። ትንሽ ቆይተው ደግመው፣ ቀስ ብለው፣ "ሲ"።

ሐኪሟ አንገቷን ደፋች። እኔ ነጠላውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ራጅ ተነሡ። መግሉ አጥንቱ ደጃፍ ደርሷል ተባለ። በዚያው ቀን አስተኝተው ቀደዱ፣ አጠቡ፤ ትንሿን ጣት ማትረፍ አልቻሉም። ሁለት ቀን ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ ብላ ሐኪሟ ጀመረችና ቁርጭምጭሚቷን በእጇ አሳየችኝ።

በሦስተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ጣራውን እያዩ ተናገሩኝ። "ስድስት ዓመት ያጠብኳት አንዲት ሲኞራ ነበረች። እሷም ስኳር ነበረባት። መጀመሪያ ጣቷን ቆረጡ፣ ከዚያ እግሯን፣ ከዚያ ከጉልበቷ። ቁራጩን በየጠዋቱ ቅባት የምቀባላት እኔ ነበርኩ። የእሷም ነገር የጀመረው ለሐኪም 'አይሰማኝም' ያለች ቀን ነው። እኔ ያቺን ቃል ከአፌ ላለማውጣት ምዬ ነበር።" ከጣራው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ አወጣህብኝ" አሉኝ።

"ይቅርታ" አልኩ። ለየትኛው እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

ቤት ከገቡ በኋላ አላናገሩኝም። ምግቤን ይሠራሉ፣ ከድነው ያስቀምጣሉ፤ ድምፅ የለም። ጫማውን አውጥቼ ስጥል መስኮቱ ጋ ቆመው አዩኝ። እኔ ደግሞ ምክር የሚባል ነገር አስጠላኝ፤ መጋዘን ውስጥ ስለ እግር ሲወራ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ሐኪሟ ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ወፍራምና ደንዳና የሆነ ጫማ ይደረግላቸው ብላለች፤ ማን ይናገር?

አንድ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ የተቀደደ የዳቦ ከረጢት ተነጥፏል። ላዩ ላይ እርሳስ። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን አውልቀዋል። አራት ጣት ያለው እግር ወረቀቱ ላይ ዘርግተዋል።

"ምን ይገትርሃል? አስምር እንጂ" አሉኝ።

ተንበረከክሁ። እርሳሱን አውራ ጣታቸው ላይ አቆምኩት። "እዚህ ጋ ይሰማዎታል?" አልኩ። ትልቅ ሰው ስለ ገላው አይጠየቅም፤ ጠየቅኩ።

ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ። "አይሰማኝም" አሉ።

ወረቀቱ ላይ እዚያው ምልክት አደረግኩ። "እዚህስ?" "አይሰማኝም።" ጣት የጎደለበት ጋ ስደርስ እጄ ፈራ፤ "ቀጥል" አሉኝ። "እዚህስ?" "አይሰማኝም ልጄ።" እየጠየቅኩ፣ ምልክት እያደረግኩ፣ በውጩ በኩል ዞሬ ተረከዙን አልፌ በውስጠኛው በኩል ወደ ላይ ስመጣ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ሥር፣ እግራቸው ድንገት ተወራጨ።

"አንተ ልጅ!" አሉ ጭንቅላቴን በመዳፋቸው መታ አድርገው። "ኮረኮርከኝ!"

መስመሩ ተጣመመ። አላጠፋሁትም፤ ወረቀቱን ከነጠማማው አጥፌ ኪሴ ከትቼ ጫማ ፍለጋ ወጣሁ።